የፑቱፓሊው ሰውዬ፦ አንድ ወንበር፣ ሃምሳ ሦስት ዓመት

«ሃምሳ ዓመት ወንበሩን ሳይለቅ የኖረ ፖለቲከኛ» ሲባል መጀመሪያ ወደ አእምሯችሁ የሚመጣው ምንድነው? ጥቁር መነጽር፣ ደረት ሙሉ ኒሻን፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ የተሰቀለ ፎቶግራፍ፣ «በ99 ነጥብ ምናምን በመቶ ድምፅ» የሚል ዜና። አይፈረድባችሁም። ታሪክ ያስተማረን ይህንኑ ነው።

የዛሬው ሰውዬ ግን ከዚህ ሥዕል ውስጥ አይገቡም። ፀጉራቸው ማበጠሪያ የማያውቅ፣ ነጭ የካዲ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተጨማደደ፣ ቤታቸው ከቡና ቤት ይልቅ ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት ነበር። ወንበራቸውን ሃምሳ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ወር እስኪቀር ድረስ ይዘው ቆዩ። የያዙት ግን አሥራ ሁለት ጊዜ ተወዳድረው፣ አሥራ ሁለት ጊዜ አሸንፈው ነው። በዚያ ላይ ደግሞ ተቀናቃኞቻቸው ጥርሳቸው የወለቀ ተለጣፊ ፓርቲዎች ሳይሆኑ ግዛቲቱን በየተራ የሚገዙ ኮሙኒስቶች ነበሩ።

ኡመን ቻንዲ ይባላሉ። የህንዷ የኬረላ ግዛት ምክር ቤት አባል ነበሩ። ሁለት ጊዜ የግዛቲቱ ርዕሰ መስተዳድር ሆነዋል። ሞት የወሰዳቸው ሐምሌ 2023 ላይ በ79 ዓመታቸው ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪካቸውን የማነሣው «አቤት ደግ ሰው!» ብለን እንድንለያይ አይደለም። ከታሪካቸው ሥር አንድ የሚያስጨንቅ ጥያቄ ስላለ ነው፦ መሪ ለሕዝቡ በጣም ቅርብ ሲሆን፣ ያ የዴሞክራሲ ድል ነው ወይስ መሥሪያ ቤቶች ሥራቸውን እንዳልሠሩ የሚያሳይ ምስክር?

መጀመሪያ አገሩን እንወቅ

ኬረላ በህንድ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ባሕር ዳር የተዘረጋች ቀጭን ግዛት ናት። ኮኮናት፣ ቁንዶ በርበሬና ጎማ ይበቅልባታል። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ከመቶው 94 ያህሉ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሆኖ ተገኝቷል። የኮታያም ከተማ ደግሞ ገና በ1989 በህንድ የመጀመሪያዋ መሃይምነት የጠፋባት ከተማ ተብላለች። ጋዜጣ ከጠዋት ሻይ ጋር የሚጠጣበት አገር በሉት። እንዲህ ያለውን መራጭ ማታለል ቀላል አይደለም፤ አሥራ ሁለት ጊዜ ማታለል ደግሞ ከባድ ነው።

ኮታያም አጠገብ ፑቱፓሊ የምትባል ቦታ አለች። የኡመን ቻንዲ የምርጫ ክልል እሷ ናት። ፑቱፓሊ በጣም የምትታወቀው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያኗ ነው። አዎ፣ በኛው ጊዮርጊስ። ቤተ ክርስቲያኑ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ሲሆን ከኢትዮጵያ፣ ከግብፅ፣ ከሶርያና ከአርመን አብያተ ክርስቲያናት ጋር እህትማማች ነው። በ1965 ዓፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ላይ የእነዚህን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ሲሰበስቡ የህንዱም ካቶሊኮስ መጥተው ነበር።

እዚህ ላይ እናትና አባቶቻችሁን ጠይቁ። በንጉሡ ዘመን ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሯቸው «ህንዶቹ» ብዙዎቹ ከዚችው ከኬረላ የመጡ ናቸው። ኋላ ላይ ጳውሎስ ማር ግሪጎሪዮስ ተብለው የታወቁት የማላንካራ ጳጳስም በወጣትነታቸው ኢትዮጵያ ውስጥ አስተምረዋል፤ ቆይተውም በንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ሠርተዋል። ስለዚህ ስለ ሩቅ አገር ሰው እያወራን አይደለም።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ስማቸውን ልብ በሉት። ኡመን ስማቸው ነው፤ ቻንዲ የአባታቸው ስም። ልጃቸው ደግሞ ቻንዲ ኡመን ይባላል። እንደኛው! ይቺን ስም ያዟት፤ ወደ መጨረሻው እንፈልጋታለን።

የ26 ዓመቱ ዕጩ

ኡመን ቻንዲ የተወለዱት ጥቅምት 31 ቀን 1943 ነው። ተማሪ በነበሩበት ዘመን ኬረላ እየነደደች ነበር። በ1957 የግዛቲቱ ሕዝብ በነጻ ምርጫ ኮሙኒስቶችን ሥልጣን ላይ አወጣ። በኢ.ኤም.ኤስ. ናምቡዲሪፓድ የሚመራው ይህ መንግሥት መሬትና ትምህርት ቤቶችን የሚነካ ሕግ አወጣ። ባለርስቶች፣ ቤተ ክርስቲያንና ሌሎችም ማኅበራት ተነሡበት። ጎዳናው በሰልፍ ተሞላ። በሐምሌ 1959 የኔህሩ ማዕከላዊ መንግሥት የተመረጠውን መንግሥት አሰናበተው።

በዚያ ትርምስ ውስጥ አንድ የወጣት ትውልድ በቀለ። የኮንግረስ ፓርቲ የተማሪዎች ክንፍ የሆነው የኬረላ ተማሪዎች ማኅበር የተቋቋመው በ1957 ነው። ኡመን ቻንዲ ከፑቱፓሊ ትምህርት ቤታቸው ጀምረው በማኅበሩ ውስጥ አደጉ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በመካከሉ ኢኮኖሚክስ፣ ቀጥሎም ሕግ ተማሩ።

በመስከረም 1970 የግዛቲቱ ምርጫ መጣ። ኮንግረስ በዋናው አገር ከዓመት በፊት ለሁለት ተሰንጥቋል። ሽማግሌዎቹ ተዳክመዋል። ፓርቲው ጎረምሶቹን አሰለፈ። ከእነሱ መካከል የ29 ዓመቱ ኤ.ኬ. አንቶኒ አሉበት፤ በኋላ የህንድ መከላከያ ሚኒስትር የሆኑት ናቸው። ኡመን ቻንዲ 26 ዓመታቸው ነበር። ፑቱፓሊን ይዞ የነበረውን የማርክሲስቱን ኮሙኒስት ፓርቲ ተወካይ ከሰባት ሺህ በላይ በሆነ ድምፅ አሸነፉት።

በዚያው ምርጫ ከሰሜን ኬረላ አንድ ሌላ ወጣት ወደ ምክር ቤቱ ገባ፦ ፒናራይ ቪጃያን፣ ከኮሙኒስቶቹ ወገን። እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ዓመት በአንድ በር ገብተው፣ ከ46 ዓመት በኋላ አንዱ የሌላውን ወንበር ይረከባል። ወደዚያ እንመጣለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። ከአሥራ ሁለቱ የሥራ ዘመኖች የመጀመሪያው ረዝሟል። በ1975 ኢንዲራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ፤ ጋዜጣ ታፈነ፤ ተቃዋሚ ታሰረ። የኬረላም ምክር ቤት ዕድሜ ያለ ምርጫ ተራዘመ። የኡመን ቻንዲ ፓርቲ የአዋጁ ባለቤት ነበር። ሕዝብ ሳይጠየቅ የተቀመጡባቸው ጊዜያት ካሉ እነዚያ ናቸው።

ከካሩናካራን ጋር፣ በካሩናካራን ላይ

በ1977 ምርጫ ተደረገ። በማዕከል ኢንዲራ ጋንዲ ተሸነፉ፤ ኬረላ ላይ ግን የኮንግረስ ጥምረት አሸነፈ። ኬ. ካሩናካራን ርዕሰ መስተዳድር፣ የ33 ዓመቱ ኡመን ቻንዲ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ካሩናካራን ግን ወንበሩ ላይ የቆዩት አንድ ወር ያህል ብቻ ነው። በአስቸኳይ ጊዜው ዘመን በፖሊስ እጅ የሞተ ራጃን የሚባል የምህንድስና ተማሪ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሶ አስለቀቃቸው። አንቶኒ ተተኩ። ቻንዲ በሚኒስትርነታቸው ቀጠሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው የኬረላ ኮንግረስ ታሪክ ባጭሩ የሁለት ቡድኖች ታሪክ ነው። አንዱ የካሩናካራን፣ ሌላው የአንቶኒ። አንቶኒ የንጽሕና ምሳሌ ነበሩ፤ ቡድኑን በየመንደሩ የሚያደራጁት፣ ማን የት እንደሚወዳደር የሚያሰሉት፣ ሌሊት ስልክ የሚያነሡት ደግሞ ቻንዲ። የፖለቲካው ዓለም እንዲህ ያለ ጥንድ ይወዳል፤ አንዱ ነጭ ልብሱን ይጠብቃል፣ ሌላው እጁን ያቆሽሻል።

ቡድኑ በ1980 ከኮሙኒስቶች ጋር ተባብሮ ምርጫ ገባ። አዎ፣ ከዕድሜ ልክ ተቀናቃኞቻቸው ጋር! ከዓመት በኋላ ድጋፉን ነሣና መንግሥቱ ወደቀ። ወደ ካሩናካራን ተመለሱ። ቻንዲ ከታኅሣሥ 1981 እስከ መጋቢት 1982 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ያ መንግሥት በአፈ ጉባኤው ድምፅ ብቻ ሲንገዳገድ ቆይቶ ሦስት ወር ሳይሞላው ተንኮታኮተ። ወጣቱ ሚኒስትር ከዚህ ምን ተማሩ? በአንዲት ድምፅ መኖርና በአንዲት ድምፅ መሞት እንዴት እንደሆነ። ትምህርቱ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጠቀማቸው።

በ1991 የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1994 ደግሞ ለቀቁ። ምክንያቱ የቡድናቸው ሰው ለላይኛው የህንድ ምክር ቤት ዕጩ እንዳይሆን ካሩናካራን መከልከላቸው ነው። መልቀቂያው የመርህ ይምሰል እንጂ የጦርነት አዋጅም ነበር። ወዲያው ደግሞ ጥሩ ጥይት ተገኘ። በ1994 መጨረሻ የህንድ የጠፈር ምርምር ድርጅት ሳይንቲስቶች ምስጢር ሸጡ የሚል የስለላ ክስ ፈነዳ። ጋዜጦች አጋጋሉት። የአንቶኒ ቡድን፣ ቻንዲ ከፊት ሆነው፣ ካሩናካራን ጉዳዩን አድበስብሰዋል እያለ ተነሣባቸው። በመጋቢት 1995 ካሩናካራን ወንበራቸውን ለቀቁ።

ነገር ግን የስለላው ታሪክ ውሸት ነበር። የማዕከላዊው ምርመራ ቢሮ መሠረት የለውም አለ። በመስከረም 2018 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳይንቲስቱ ናምቢ ናራያናን ያለ አግባብ እንደታሰሩና እንደተዋረዱ አረጋግጦ አምስት ሚሊዮን ሩፒ ካሳ እንዲከፈላቸው ወሰነ። ካሳው ሲወሰን ሰውየው 76 ዓመታቸው ነበር። ቻንዲ ክሱን አልፈጠሩትም። ግን ከተቀጣጠለው እሳት ላይ የራሳቸውን ድስት ጥደዋል። የደጋግ ሰዎችን ታሪክ ስንጽፍ ይቺን ገጽ ዘልለን ማለፍ ይቀናናል። አንዝለላት።

ሁለት ወንበር

የመጀመሪያው የርዕሰ መስተዳድርነት ዘመናቸው አጭር ነው። በ2004ቱ የፓርላማ ምርጫ ኮንግረስ ከኬረላ አንድም ወንበር ሳያገኝ ቀረ። አንቶኒ ለቀቁ፤ ነሐሴ 31 ቀን ቻንዲ በ60 ዓመታቸው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በጥር 2006 ለዳቮሱ የኢኮኖሚ ጉባኤ ስዊዘርላንድ ሄደው በረዶ አንሸራቷቸው የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ መራጩ ጣላቸው። አምስት ዓመት የተቃዋሚው ወገን መሪ ሆነው ተቀመጡ።

ትልቁ ታሪክ የሚጀምረው በ2011 ነው። የኬረላ ምክር ቤት 140 ወንበር አለው። የቻንዲ ግንባር 72፣ የግራው ግንባር 68 አገኙ። የድምፁ ልዩነት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ለመግዛት ደግሞ ቢያንስ 71 ያስፈልጋል። ሁለት ሰው ቢታመም፣ አንዱ ቢኮርፍ፣ አለቀ። በዚያ ላይ ግንባሩ የብዙ ፓርቲዎች ስብስብ ነው። ስድስት ወር ይቆያል ያለም ብዙ አልነበረም።

አምስቱን ዓመት ሞሉት።

እንዴት? አንደኛ፣ የማሟያ ምርጫዎችን አንድ በአንድ አሸነፉ። አንድ ሚኒስትር በ2011 ሲሞቱ ወንበራቸውን ልጃቸው አሸነፈ። አፈ ጉባኤው በ2015 ሲሞቱም እንዲሁ ልጃቸው። በ2012 አንድ የኮሙኒስት ተወካይ ፓርቲውን ከድቶ ለቀቀና በኮንግረስ ስም ተወዳድሮ ተመለሰ፤ የ72ቱ ቁጥር 73 ሆነ። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ኩርፊያ ሽምግልና ነበራቸው። ማንንም አያባርሩም፤ ለማንም ፊት ለፊት «አይሆንም» አይሉም። ይህ ጠባይ መንግሥት ያቆያል። ግን ዋጋ አለው፤ መባረር ያለበትም ሰው ይቆያል።

የቆይታውን ጣዕም ለማወቅ መጋቢት 13 ቀን 2015ን እንይ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ኬ.ኤም. ማኒ የመጠጥ ቤት ባለቤቶች ጉቦ ሰጥተዋቸዋል የሚል ክስ ቀርቦባቸዋል። እሳቸው ደግሞ አሥራ ሦስተኛ በጀታቸውን ለማቅረብ ቆርጠዋል። የተቃዋሚ አባላት ወደ አፈ ጉባኤው መድረክ ወጡ። ኮምፒዩተር ተሰባበረ። የአፈ ጉባኤው ወንበር ተወረወረ። ማኒ በዚያ ሁሉ መካከል በጀቱን አነበቡ ተባለ። (94 በመቶ የተማረ ሕዝብ ምክር ቤት መሆኑን እንዳትረሱ!) ማኒ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ለቀቁ።

እኚህ ማኒም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ፓላ ከምትባለው ጎረቤት የምርጫ ክልል ከ1965 ጀምሮ በ2019 እስኪሞቱ ድረስ አሥራ ሦስት ጊዜ ተመርጠዋል። በኬረላ ምክር ቤት ረጅሙን ዘመን የቆዩት እሳቸው ነበሩ፤ ቻንዲ ነሐሴ 2022 ላይ እስኪያልፏቸው።

ስታዲየም ውስጥ የተቀመጠ መንግሥት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ህንድም ብትሆን የቢሮ ነገር ያው ነው። ፋይሉ ጠፋ፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ ተመለሱ። ደጅ መጥናት የኛ ብቻ ፈጠራ አይደለም።

ኡመን ቻንዲ በ2004 የጀመሩትን በ2011 አስፋፍተው አንድ ነገር አደረጉ። መንግሥቱን ከነጠረጴዛው ተሸክመው ወደ ስታዲየምና ሜዳ ወጡ። በአሥራ አራቱም አውራጃዎች ዞሩ። ድንኳን ይተከላል፤ የአውራጃው ኃላፊዎች በሙሉ ይጠራሉ፤ ሕዝቡ አቤቱታውን ይዞ ይሰለፋል። አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ በቃሬዛ ይመጣል። የጡረታ ደብተር የተከለከለች መበለት፣ የመሬት ካርታ ለዓመታት የተንከራተተ ገበሬ፣ የልጁ ሕክምና ያቃተው አባት። ርዕሰ መስተዳድሩ ቆመው፣ አንዳንዴም ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት አልፎ፣ አንድ በአንድ ያነባሉ፣ ይፈርማሉ፣ ከእርዳታ ፈንዱ ገንዘብ ያዝዛሉ። ምሳ የሚሉት ነገር ትዝም አይላቸው።

በዚህ አላበቁም። ከሐምሌ 2011 ጀምሮ ቢሯቸው ውስጥ ካሜራ አስተክለው ቀንና ሌሊት በኢንተርኔት በቀጥታ አስተላለፉ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ሰውየው ምን ያህል ሰዓት ተቀመጠ፤ ማንም ከቤቱ ሆኖ ያያል። በሰኔ 2013 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሕዝብ አገልግሎት ሽልማቱን ሰጣቸው፤ ሙስናን በመከላከል ዘርፍ።

ደስ ይላል አይደል? ቆይ ግን። ተቃዋሚዎቻቸው አንድ ጥያቄ አነሡ፤ ጥያቄው ደግሞ ቀላል አይደለም። «ይሄ የቀበሌ ጸሐፊ ሥራ አይደለም ወይ?» አሉ። መበለቷ ጡረታዋን ለማግኘት የግዛቲቱን ርዕሰ መስተዳድር ፊርማ የምትፈልግ ከሆነ ችግሩ ያለው ከታች ነው። ርዕሰ መስተዳድሩ አሥራ ስምንት ሰዓት ቆመው ቢፈርሙ ያን ቀን የመጡት ይጠቀማሉ። አውቶቡስ መሳፈሪያ ያልነበራትስ? ወረፋው ያልደረሰውስ? መብት ነበር፤ ቸርነት ሆነ። የተቀበለውም ሰው «መብቴን አገኘሁ» ሳይሆን «ሰውየው ሰጡኝ» እያለ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው።

በሌላ በኩል ደግሞ እስቲ ራሳችሁን በመበለቷ ቦታ አስቀምጡ። «ተቋም እስኪገነባ ጠብቂ» ትሏታላችሁ? ተቋሙ እስኪገነባ እኮ እሷ ትሞታለች። ቻንዲ የመረጡት የሷን ሰዓት ነው። ይህን ምርጫ ለማውገዝ ቢያንስ አንድ ጊዜ ወረፋ ላይ ቆሞ ማየት ይጠይቃል።

የመስታወት ቤት

ሽልማቱን ለመቀበል ባህሬን በሄዱበት በዚያው በሰኔ 2013 አገር ቤት ሌላ እሳት ተነሣ። የፀሐይ ኃይል ማመንጫ እንተክላለን እያሉ ከብዙ ሰው ገንዘብ የሰበሰቡ አጭበርባሪዎች ተያዙ። የስልክ ዝርዝራቸው ሲታይ ከርዕሰ መስተዳድሩ ቢሮ ሠራተኞች ጋር በተደጋጋሚ ይደዋወሉ ነበር። ካሜራ የተተከለበት ቢሮ! «የተቀዳው ምስል ይውጣ» የሚል ጩኸት ተነሣ። በር ሁሉ ለሁሉ ክፍት ሲሆን ሌባም በዚያው በር ይገባል።

ነሐሴ ላይ የግራው ግንባር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ደጋፊ አምጥቶ የመንግሥቱን ጽሕፈት ቤት ከበበ። ዳኛ የሚመራው አጣሪ ኮሚሽን እንደሚቋቋም ሲገለጽ ከበባው ተነሣ። ጥቅምት ላይ ካኑር ከተማ ውስጥ መኪናቸው በድንጋይ ተደብድቦ የተሰበረው መስታወት ግንባራቸውን አቆሰላቸው። በጥር 2016፣ ገና ሥልጣን ላይ እያሉ፣ ኮሚሽኑ ፊት ቀርበው ቀኑን ሙሉና ሌሊቱንም ገፍተው ቃላቸውን ሰጡ።

ጉዳዩ በኋላ ወደ ግል ስማቸውም ተሻግሮ በጾታዊ ጥቃት እስከ መከሰስ ደረሰ። የተካቸው መንግሥት በ2021 ምርመራውን ለማዕከላዊው ምርመራ ቢሮ አስተላለፈው። ቢሮውም በታኅሣሥ 2022 ማስረጃ የለም ብሎ ነጻ አደረጋቸው። ያኔ ጉሮሯቸውን በካንሰር ታመው ነበር፤ ከሰባት ወር በኋላም ሞቱ። በ1995 በካሩናካራን ላይ የደረሰው፣ በተራው በሳቸው ላይ ደረሰ ያለ ሰው ቢኖር ብዙም አልተሳሳተም።

በአምስቱ ዓመት ውስጥ ግን ሌላም ሥራ ነበር። የኮቺ የከተማ ባቡር መሠረት በ2012 ተጣለ። የቪዝሂንጃም ጥልቅ ወደብ ውል በነሐሴ 2015 ከአዳኒ ኩባንያ ጋር ተፈረመ። ወደቡ ዓሣ አጥማጆችን በ2022 ለወራት ተቃውሞ አስወጥቷል፤ በግንቦት 2025 ደግሞ ተመርቆ ተከፍቷል። የሚታወሰው ግን ምናልባት የሐምሌ 2014ቱ ነው። ኢራቅ ቲክሪት ውስጥ 46 የህንድ ነርሶች፣ አብዛኞቹ የኬረላ ልጆች፣ ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ በሚጠራው ቡድን እጅ ወደቁ። ቻንዲ ደልሂ ላይ ከተቀናቃኝ ፓርቲ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከሱሽማ ስዋራጅ ጋር ሌት ተቀን ሠሩ። ሐምሌ 5 ቀን ነርሶቹ በሙሉ ኮቺ አረፉ። ልጁን ወደ ዓረብ አገር የላከ ቤተሰብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት አንድ ቃል አይፈልግም።

150 ኪሎ ሜትር

በግንቦት 2016 ምርጫ የግራው ግንባር 91፣ የቻንዲ 47 ሆነ። ወንበሩን የተረከቧቸው ፒናራይ ቪጃያን ናቸው፤ የ1970ው አብሮ ገቢ። ቻንዲ ፑቱፓሊን ከ27 ሺህ በላይ በሆነ ብልጫ አሸንፈው የተቃዋሚው ወገን መሪ መሆንን ግን እምቢ አሉ። ተራ ተወካይ ሆነው ወደ ኋላ ወንበር ሄዱ። በ2021 ግራው ድጋሚ ሲያሸንፍ የሳቸውም ብልጫ ወደ 9,044 ወረደ። ያ የመጨረሻው ነበር።

ሐምሌ 18 ቀን 2023 ባንጋሎር ሞቱ። አስከሬናቸው ከዋና ከተማዋ ከቲሩቫናንታፑራም ወደ ኮታያም 150 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጓዘ። በመኪና የአራት ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው። ከ27 ሰዓት በላይ ፈጀ። ሌሊቱን በሙሉ፣ በዝናብ፣ መንገዱ ግራና ቀኙ ሰው ነበር። ሻማ የያዘ፣ ሕፃን ያዘለ፣ በየስታዲየሙ የተፈረመለት። በኑዛዜያቸው መሠረት መድፍም ጥሩምባም አልነበረም፤ ቤተሰቡ የመንግሥት ክብር አልፈልግም አለ። ለሃምሳ ዓመት የወከሏት ፑቱፓሊ ውስጥ የራሳቸውን ቤት መሥራት የጀመሩት ዘግይተው ስለነበር አስከሬናቸው ያረፈው ባላለቀው ቤት ነው። ቲሩቫናንታፑራም ያለው ቤታቸው ደግሞ ስሙ «ፑቱፓሊ ቤት» ይባላል። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ ከካህናቱ መቃብር አጠገብ ተቀበሩ።

ታዲያ ምን እንበል?

ከዚያ ወዲህ ሰዎች ወደ መቃብሩ ይመጣሉ፤ ሻማ ያበራሉ። አንዳንዶች ጸሎታቸውን በወረቀት ጽፈው ይተዋሉ ይባላል። አቤቱታ ማቅረብ የለመደ ሕዝብ ከሞቱም በኋላ ማመልከቻውን አላቋረጠም ማለት ነው። ይህን ስሰማ ልቤ ይነካል፤ ወዲያው ደግሞ ይቆረቁረኛል። ምክንያቱም ወረቀቱ መሄድ የነበረበት ወደ አንድ ቢሮ ነው።

በመስከረም 2023 በፑቱፓሊ የማሟያ ምርጫ ተደረገ። ዕጩው ማን ነበር? ቻንዲ ኡመን። ልጃቸው። በ37,719 ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። አባቱ በሃምሳ ዓመት ያገኙት ትልቁ ብልጫ የ2011ዱ 33,255 ነበር። ልጁ በአንድ ቀን በለጠው። ይህ ለልጁ የተሰጠ ድምፅ ነው ወይስ ለአባቱ ለአሥራ ሦስተኛ ጊዜ? ሁለቱም ይመስለኛል። ግን መውደድ ሲበዛ ወንበር ውርስ ይሆናል፤ ያውም በምርጫ። ቀደም ሲል በማሟያ ምርጫ የገቡትን ሁለቱን ልጆች አስታውሱ።

ስለዚህ ፍርዴ እንዲህ ነው። ኡመን ቻንዲ ሕዝብ በድምፁ ደጋግሞ የተስማማባቸው ሰው ነበሩ፤ ከጥቁር መነጽሩ ጌታ የሚለያቸውም ይኸው ነው። በየአምስት ዓመቱ ሊባረሩ ይችሉ ነበር፤ በ2006 እና በ2016 ከርዕሰ መስተዳድርነት ተባረዋልም። ሲባረሩ ደግሞ ቦርሳቸውን ይዘው ወጡ። ግን በራቸውን ለሁሉ ክፍት በማድረግ የሠሩት መልካም ሥራ የመሥሪያ ቤቶቹን በር አልከፈተም። ካሜራ ማስተከል ሙስናን አላስቀረም። የሰውየው ደግነት እውነት ነበር፤ ደግነታቸው ግን ከሳቸው ጋር ፑቱፓሊ ተቀበረ፣ መመሪያ ሆኖ አልቀረም።

እኛ ብዙ ጊዜ የምንመኘው እንዲህ ያለ መሪ ነው፤ ስልክ የሚያነሣ፣ ድንኳን ውስጥ ቆሞ የሚፈርም። መመኘቱ አይከፋም። ግን ከመመኘታችን በፊት ይቺን እናስብ፦ መበለቷ ርዕሰ መስተዳድሩን ጭራሽ ሳታውቃቸው፣ ስማቸውን እንኳ ሳትሰማ፣ ጡረታዋን ከሰፈሯ ቢሮ በጊዜው ብትወስድ አይሻልም ነበር? እንደዚያ ያለ መሪ ሲሞት መንገዱ ላይ ሻማ የሚያበራለት ብዙ ሰው ላይኖር ይችላል። እናንተ የትኛውን ትመርጣላችሁ?